በቀባሁት ዓይን ሁሉ

ጥቅምት ፭

እታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» ስል እንደማታምኚኝ አውቃለሁ፤ ግን ደብዳቤ በሌላ ነገር ሲጀመር አይቼ አላውቅም። መልሱን ስላዘገየሁብሽ ይቅር በይኝ። ጀምሬ ጀምሬ ነው የተውኩት። አንዱን ጅምር ፍሪጅ ላይ አገኘሁት፤ ሌላውን የት እንዳስቀመጥኩት እግዜር ይወቅ።

ስልክ ይሻላል ብለሽኝ ነበር። አይሻልም። በስልክ አንቺ አንዱን ነገር ሳትጨርሺ እኔ ሌላ እጀምራለሁ፣ አንቺ ትቆጫለሽ፣ እኔ እነፋረቃለሁ፣ ካርዱ ያልቃል። ወረቀትን ግን ማቋረጥ አይቻልም። ዶክተሯም ለእህትሽ ጻፊላት፣ ሐሳብሽ ሲሮጥ እጅሽ ይያዝልሽ ብላኛለች።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አዎ፣ አዲሱን መድኃኒት ጀምሬዋለሁ። የድሮው የጭንቀቱ ኪኒን እንዳለ ነው፤ አዲሱ የትኩረቱ ነው። በሽታው ኤዲኤችዲ ይባላል ብለው ጻፉልኝ። እኛ ቤት ስሙ «ቅብጥብጥ» ነበር፤ መድኃኒቱም ኩርኩም ነበር።

አሁን ደግሞ ስሚኝማ። ሥራዬን «ዓይን ፋብሪካ» እያልሽ ትቀልጃለሽ፤ ዛሬ አትቀልጂ። ዓይኑን ያጣ ሰው ወደ እኛ ይመጣል፣ አለቃዬ ጋሼ የጉድጓዱን ልክ ይወስዱና ቅርጹን ያወጣሉ። ከዚያ ሰውየው እኔ ጋ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። የቀረለትን ዓይን እያየሁ የጠፋበትን እቀባለሁ። የደም ሥሩን ሳይቀር በቀይ የሐር ክር ነው የምሠራው፣ ክሩን እየሰነጠቅኩ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ዓይን በአንድ መቀመጫ ጨርሼ አላውቅም። ሰው ቁጭ አድርጌ ብሩሽ ፍለጋ ሄጄ፣ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ የተገኘሁበት ቀን አለ። ጋሼ ትዕግሥተኛ ባይሆኑ ኖሮ ገና ድሮ አባረውኝ ነበር። መድኃኒቱን በጀመርኩ ሰሞን ግን ቁጭ አልኩ፤ ቀና ስል ጨርሻለሁ። እታለም፣ ጨረስኩ! ሰው ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ የሚኖረው? ለምን አልነገራችሁኝም?

ትበያለሽ ወይ ላልሽው፣ ሲታወሰኝ እበላለሁ። አፌ ይደርቃል። ከሰዓት በኋላ ልቤ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ይረግጣል። እጄም አንዳንዴ ትንሽ... ተዪው። ይህን ለዶክተሯ አልነገርኳትም፤ ከነገርኳት ትከለክለኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ ጅምር ሆኜ ኖሬ አሁን ማለቅ ሲጀምርልኝ ማንም እንዲወስድብኝ አልፈልግም።

ያለፈው ደብዳቤሽ ላይ መስመሩ ቁልቁል ወርዶ ወርዶ ከወረቀቱ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ምነው? ድሮ በማስመሪያ የተሰመረ ነበር የሚመስለው።

ሰሞኑን እማዬ በጣም ትታወሰኛለች። አንቺስ?

ያችው ቅብጥብጥሽ

*

ጥቅምት ፳፮

ቅብጥብጤ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ግን ሰፈሩን ዞሮታል። ፖስታው ላይ የቤት ቁጥሬን ትተሽ «ሾፌሯ» ብለሽ ነው የጻፍሽው። ደግነቱ በዚህ ሰፈር ሴት ሾፌር እኔ ብቻ ነኝ።

መስመሬ የተንጋደደው ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለጻፍኩ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ጠረጴዛ የለም። ሥራ እንዴት ነው ላልሽው፣ ሥራ ያው ሥራ ነው፤ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወርዳል፣ መልስ ይጠይቃል። ስለ እኔ ይብቃ።

አሁን ስለ አንቺ። ዓይኑን በመጨረስሽ ያለቀስኩትን ያየ ሰው የሞተብኝ ነው የሚመስለው። እሰይ የኔ ልጅ! ግን ሌላውን ስጽፈው እጄ ያሳክከኛል፤ አጠገቤ ብትሆኚ ጆሮሽን ነበር የምይዘው። ፍሬኑ ሲንጫጫ ሬዲዮኑን ከፍ የሚያደርግ ሾፌር አውቃለሁ። ጥሩ ሰው ነበር፣ ዘፈን ይወድ ነበር። አሁን እሱ መኪና ውስጥ ማንም ተሳፋሪ አይገባም። አንቺ የያዝሽው የእሱን ሥራ ነው። አፍሽ ደርቆ፣ ልብሽ ደረጃ እየወጣ፣ ሐኪሟ ፊት ስትቀርቢ «ሰላም ነው» ትያለሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም? መድኃኒቱ ይወሰድብሻል ያለሽ ማን ነው? ልክ ያልሆነ ጫማ ይቀየራል እንጂ እግር አይቆረጥም።

«እጄም አንዳንዴ ትንሽ» ብለሽ የተውሽውን ዓረፍተ ነገር ጨርሺና ላኪልኝ።

እማዬ ትታወሰኛለች ወይ ላልሽው፣ በር በቆለፍኩ ቁጥር። አንቺ ያኔ ትንሽ ስለነበርሽ ከነ ቀልዷ ይሆናል የምታስታውሻት። እኔ የማስታውሰው ከመንገድ ስንመለስ ነው፤ «ቆልፌዋለሁ ወይ? ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ ወይ?» እያለች። በአንድ ጊዜ ሁሉን ትጀምራለች፣ ጀምራ ትረሳለች፣ ረስታ ትፈራለች። ሰው ሁሉ «አመሏ ነው» ይል ነበር። በስተመጨረሻም በሩን ቆልፌዋለሁ ወይ ብላ ስትመለስ ነው መንገዱ ላይ የቀረችው። በሩ ተቆልፎ ነበር። ለእሷ ስም ያለው በሽታ ነው ብሎ ኪኒን የሰጣት ሐኪም አልነበረም። ላንቺ አለሽ፤ አትዋሻት።

ብዪ። ባይታወስሽም ምግብ ብዪ።

እህትሽ

*

ኅዳር ፲፬

እታለሜ፣

ሳልመልስልሽ ስለቆየሁ ይቅርታ። ከጥቅምቱ ቀጥሎ የላክሽውን ሦስተኛውን ደብዳቤሽን ገና አልከፈትኩትም፤ የተቆጣሽ መስሎኝ ፈርቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ይህን ጽፌ ስጨርስ እከፍተዋለሁ።

እሺ፣ ዓረፍተ ነገሩን ልጨርስ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ሁልጊዜ አይደለም፣ ከሰዓት በኋላ ነው። የፀጉር ያህል የቀጠነች መስመር ለመሳብ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ብሩሹ ግን ከእኔ ሌላ ጌታ ያለው ይመስል ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ዘዴ ዘየድኩ። የጭንቀቱ ኪኒን ያፈዘኛል፣ ያንቀጠቀጠኝም እሱ ይሆናል አልኩና ሥራ ባለኝ ቀን መዋጥ አቆምኩ። በዕረፍት ቀን እውጠዋለሁ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቴን ዞር ባደረግኩ ቁጥር ውስጡ ኤሌክትሪክ ብልጭ ይልብኛል፣ ወለሉም አብሮኝ ይሄዳል። እንቅልፍማ ድሮ ቀረ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፤ ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ባለፈው ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ዓይን ሠራሁላቸው። እሳቸው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ቀባሁ፣ ጥሩ ነበር፣ ሄዱ። ከሄዱ በኋላ ትንሽ ላስተካክለው ብዬ ተቀመጥኩ። ይህ መድኃኒት ቁጭ ካደረገሽ አያስነሳሽም፤ ጋሼ ልንዘጋ ነው ብለው ትከሻዬን ሲነኩኝ ነው የነቃሁት። በሳምንቱ መምህሩ ዓይኑን አድርገው ከባለቤታቸው ጋር ተመልሰው መጡ። ሴትየዋ ጨዋ ናቸው፣ አልተቆጡም። ወደ ጥግ ወሰዱኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ሥራሽስ ያማረ ነው። ግን ይሄ የባሌ ዓይን አይደለም። ይሄ ዓይን ይጨነቃል።»

እነሱ እንደሄዱ ጋሼ ከመምህሩ ወዲህ የቀባኋቸውንና ገና ያልተሰጡትን ዓይኖች ሰብስበው ጥቁር ጨርቅ ላይ ደረደሯቸው። የሹራብ ነጋዴው፣ የነርሷ፣ ያ ወጣት በያጅ። አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ፈካ ያለ መሆን ነበረበት። ሁሉም ግን ያው ቡናማ ናቸው፤ ዙሪያቸውን አመድ የመሰለ ቀለበት፣ ከብሌኑ ሥር ደግሞ ሰናፍጭ የምታክል ቢጫ ነጥብ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቁኝ፦ «ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ?»

እታለም፣ እማዬ ናት። አላሰብኳትም፤ በእናታችን አጥንት እምልልሻለሁ፣ ስቀባ አንድም ጊዜ አላሰብኳትም። እጄ ነው ያመጣት። ጨርቁ ላይ ሆና በሩን ቆልፌዋለሁ ወይ የምትል መስላ ታየኛለች። ከዚያ ወዲህ አውደ ሥራው ውስጥ ዓይኖቹ ለተቀመጡበት መሳቢያ ጀርባዬን መስጠት አልቻልኩም።

ምን እንደሆነ የገባኝ ይመስለኛል። ድሮ ሐሳቤ ሲበተን ፍርሃቴም አብሮ ይበተን ነበር፤ እዚህም እዚያም ትንሽ ትንሽ። መድኃኒቱ ሐሳቤን ሲሰበስብልኝ ፍርሃቴንም አንድ ላይ ሰበሰበው። ሲሰበሰብ ደግሞ መልክ አወጣ። የእሷን።

አሁን ዓይን እንዳልቀባ ተከልክያለሁ። ጋሼ «ለጊዜው» ነው ያሉት። ለጊዜው የሚለው ቃል የት እንደሚያልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ያችው

*

ኅዳር ፳፱

የኔ እናት፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ።

መጀመሪያ ልቆጣ። የሐኪም መድኃኒት ሥራ ባለ ቀን የሚወልቅ ካፖርት አይደለም። አንዱን ብቻሽን አቁመሽ ሌላውን ብቻውን ስትነጂው ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ክላች የሌለው ማርሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ሱቅ ደጃፍ ተቀመጥኩ፤ ባለሱቁ ውሃ አመጣልኝ። ተቆጣሁ። ጨረስኩ።

ሦስተኛውን ደብዳቤዬን አሁን ከፍተሽው ይሆናል፤ በውስጡ ብዙም ነገር እንደሌለው አይተሻል። ሊኖረው ይገባ ነበር። ስጽፈው ልነግርሽ ነበር፣ እጄ እንቢ አለኝ። አሁን ልንገርሽ።

የግራ ዓይኔ የለም። በመስከረም ነው ያወጡት። ውስጡ እባጭ ተገኘ፤ ሐኪሞቹ ክፉ ዓይነት ነው፣ ከዓይኑ ሳያልፍ እናውጣው አሉ። አላለፈም፣ ተመስገን፤ ይህን ደጋግሜ ጠይቄያቸዋለሁ። መስመሬ የተንጋደደው ለዚህ ነው፤ ርቀት መለካት ገና እየተማርኩ ነው። ውሃ ስቀዳ ከብርጭቆው ውጪ አፈሳለሁ። አውቶቡሱን ወስደውብኛል። አንድ ዓይና ተሳፋሪ አይጭንም፣ ትክክል ናቸው። አሁን ቢሮ ውስጥ የስምሪት ሠራተኛ ሆኜ ለሌሎች ሾፌሮች መስመር እመድባለሁ። ተሳፋሪዎቼ «ዓይን አውጣ» እያሉ ሲሰድቡኝ ነው የኖርኩት፤ ይኸው የተናገሩት ደረሰ። ሳቂ፣ እኔ ስቄያለሁ።

ለምን ደበቅሽኝ ትያለሽ። አንቺ መድኃኒት ልትጀምሪ ነበር፣ ልብሽ እየመታ ነበር፤ የእኔን ጨምሬ ልጭንብሽ አልፈለግኩም። አንድ ዓይን ያላት በአፈር አትጫወትም ይባላል። እኔ የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

እንግዲህ የምለምንሽን ስሚ። ቁስሉ ደርቆ ዓይን ለመሥራት ልደርስ ጥቂት ወራት ነው የቀሩኝ። የዚህ ከተማ ሰዎች የሚሠሩትን አየሁ፤ አሻንጉሊት ላይ እንጂ ሰው ላይ አይሆንም። ሌላ ሰው የቀባው ዓይን ፊቴ ላይ አላስቀምጥም። በየካቲት እመጣለሁ፣ መስኮትሽ አጠገብ እቀመጣለሁ፣ አንቺ ትቀቢኛለሽ። ካልሆነልሽ ባዶዬን እዞራለሁ፤ አጉል ማስፈራራት አይደለም፣ ታውቂኛለሽ።

ግን አስቀድመሽ ዶክተሯ ጋ ትሄጃለሽ። ሁሉንም ትነግሪያታለሽ። እጅሽን፣ ልብሽን፣ የዘለልሽውን ኪኒን፣ እማዬንም ጭምር።

እህትሽ

*

ታኅሣሥ ፲፩

እታለሜ፣ አፈር ልብላልሽ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቀን መጻፍ አልቻልኩም። ብቻሽን ሆስፒታል ገብተሽ፣ ብቻሽን ወጥተሽ፣ እኔ አፌ ደረቀ እያልኩ ሳማርርብሽ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። ይኸው እኔ ከአንጀቴ ላለቅስ ብል እንባ ገደደኝ። ፊቴን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ፣ ምንም አልወጣም። ይህንም ለዶክተሯ ነገርኳት።

አዎ፣ ሄጃለሁ። አዎ፣ ሁሉንም። ስረሳ እንዳልዋሽ ደብዳቤዎችሽን ይዤ ነው የገባሁት፤ «እጄም አንዳንዴ» የምትለዋን አስነበብኳት።

አልተቆጣችም። ክንዴን በመለኪያው አስራ ግፊቴን ለካች፣ የልቤን ምት ያዘች፣ ፊቷ ትንሽ ጠቆር አለ። ከዚያ አስረዳችኝ። የልቤ ድለቃ መድኃኒቱ የሚያመጣው የጎንዮሽ ነገር ነው፤ እኔ ግን ልቤ ሲመታ የሚያስፈራ ነገር የመጣ ይመስለኛል፣ ስፈራ ደግሞ የባሰውን ይመታል። በዚያ ላይ ምግብ የለም፣ እንቅልፍ የለም፣ ትኩረት እንዲጨምርልኝ ብዬ የምጠጣው ቡና አለ። ስለ ቡናው ስትጠይቀኝ ስንት ነው ብዬ መቁጠር አቃተኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ ብልጭ የሚለው ደግሞ የጭንቀቱን ኪኒን እየጀመርኩ እያቆምኩ ስለተጫወትኩበት ነው። ያንን መድኃኒት በድንገት ማቆም አይገባም፤ መቆም ካለበትም ቀስ በቀስ ከእሷ ጋር ነው።

ሁለቱንም አስወግጂልኝ አልኳት። እምቢ አለች። ሁለቱንም አስተካክዪልኝ አልኩ። አሁንም እምቢ። በአንድ ጊዜ ሁለቱን ከነካካን የትኛው ምን እንዳደረገ አናውቅም አለችኝ። መጀመሪያ የጭንቀቱን ሳልዘል በየቀኑ እወስዳለሁ። የትኩረቱን መጠን ቀነሰችው፤ ከቁርስ በኋላ፣ ጠዋት ብቻ። እየታየ ቀስ ብሎ ይጨመራል ወይም በሌላ ይቀየራል። እንባዬ የቀረው በጭንቀቱ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ እሱን ቀጥለን እናየዋለን አለች። ስንት ጊዜ ይፈጃል ስላት «ጊዜ» አለችኝ፤ በቃ።

እማዬን ነገርኳት። በጣም በጥሞና ጠየቀችኝ። የሌለ ሰው ይታይሻል? ድምፅ ትሰሚያለሽ? እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ነይ አለች። አይ አልኳት፤ አትታየኝም፣ አትናገረኝም። እኔ ስቀባ ብቻ ነው የምትመጣው። ዶክተሯም እናትሽን ስታጪ ስንት ዓመትሽ ነበር ብላ ጠየቀችኝ።

ጋሼ አሁን መወልወል ላይ አድርገውኛል። ሌላ ሰው የቀባውን ዓይን እወለውላለሁ። ስለ አንቺ ነገርኳቸው። እጄን ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩት፣ ለየካቲት ይደርሳል ወይ አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም። እታለም፣ ካልደረሰስ? ባዶሽን ስትዞሪ ላይሽ ነው?

ያችው

*

ጥር ፲፱

ቅብጥብጤ፣

ከታኅሣሡ ወዲህ በጻፍሻቸው ሁለት ደብዳቤዎች መካከል የላክሽውን አጭሯን ወረቀትም አግኝቻለሁ። በውስጧ የነበረውን ለማንም አልናገርም፣ አንቺም መኖር ይብቃኝ የሚል ሐሳብ ሲመጣብሽ ለእኔ ብቻ አትጻፊ፤ ደብዳቤ ይዘገያል። ዶክተሯ ጋ ደውዪ፣ ጎረቤትሽን አንኳኪ፣ እኔንም በስልክ ጥሪኝ፣ ብታቋርጪኝም ችዬ እሰማሻለሁ። በማግስቱ ክሊኒክ መሄድሽን ስሰማ ነው ምግብ የወረደልኝ።

መሻሻሉ ቀርፋፋ ነው ብለሽ ታማርሪያለሽ። እኔም እዚህ ውሃ መቅዳት እየተማርኩ ነው። ማንቆርቆሪያውን ከብርጭቆው ጠርዝ ጋር አስነካዋለሁ፣ ከዚያ አጋድላለሁ። ድሮ ያን የመሰለ አውቶቡስ በጠባብ መታጠፊያ ያለፍኩ ሴት! ቢሮ ውስጥ ወጣት ሾፌሮቹ የሚቀልዱብኝ በቀኝ በኩል ሲሆኑ ነው፤ በግራ በኩል የቀለደብኝን ስለማላየው ቀልዱ አይጣፍጣቸውም።

የዓይንሽ ቀለም ምን ነበር ብለሽ ጠይቀሻል። ይህ እንዴት ጠፋሽ አልልም፤ እኔም መስታወት ሄጄ ነው ያየሁት። ቡናማ ነው፣ ዝም ያለ ቡናማ፣ የአባዬን ነው የወሰድኩት። የእማዬን አንቺም አልወሰድሽም፣ እኔም አልወሰድኩም። ያለን ፎቶ ደግሞ አንገቷን ደፍታ የሆነ ነገር ስትፈልግ ነው። መቼ ቀና ብላ ታውቅና።

እና... አሁንም ትመጣለች ወይ? ባለፈውም ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም።

እህትሽ

*

የካቲት ፫

እታለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? አጭር ነው የምጽፈው፤ ቁርሴን በልቼ ኪኒኔን ውጬ ወደ ሥራ ልሄድ ነው። አዎ፣ በልቼ። ይህን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁና ድገሚው።

ዶክተሯ የትኩረቱን መጠን በጥቂቱ ጨምራ በዚያው እንድቀጥል አደረገችኝ። በፊት እንደነበረው አልነጠቀኝም። ቁጭ እላለሁ፤ ሰው ሲጠራኝ ደግሞ እሰማለሁ። እስካሁን የሚረሳኝ ነገር አለ፣ ትናንት ጃንጥላዬን ዳቦ ቤት ትቻለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ፍርሃቱ ያለ ምክንያት መጥቶ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ግን አንድ ቦታ አይከማችም። ልቤም ደረጃ መውጣቱን ትቶ ሜዳ ላይ መሄድ ጀምሯል። ከሰዓት በኋላ እጄ ጥቂት ስለሚደክም የቀጠነውን መስመር ጠዋት ብቻ እንድስብ ከጋሼ ጋር ተስማምተናል።

ብሩሹን መለሱልኝ። ለሙከራ የራሳቸውን ዓይን አስመስዬ ቀባሁ፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እያስነጠሱ። ስጨርስ መስታወት ወስደው በር ላይ ቆመው ብዙ አዩትና «ይሄ እኔ ነኝ፣ መነጫነጬ ሳይቀር አለበት» አሉኝ።

ትመጣለች ወይ ላልሽው፣ ከአንድ ሁለት ጊዜ በስተቀር አልመጣችም። ባለፈው ጫፏ ብቅ ሲል አይቼ ሰውየውን ቀና ብለው ያዩኝ አልኩት፤ የእሱን ዓይን አይቼ ቀጠልኩ። ሄደች።

ነይ እንግዲህ። አውቶቡስ ስትሳፈሪ ሾፌሩን አትምከሪው።

ያችው

*

መጋቢት ፲፰

የኔ እናት፣

በሰላም ገብቻለሁ። ሾፌሩን አልመከርኩትም፤ አንዴ ብቻ ነው፣ ቁልቁለቱ ላይ።

እግዜር ይስጥልኝ። እግዜር እጅሽን ይባርከው። አጠገብሽ ሆኜ መናገር ያቃተኝን ሁሉ መንገድ ላይ ሳስበው መጣሁ፤ አሁን ስጽፍ ደግሞ ጠፋኝ። ቢሮ ስገባ ሾፌሮቹ የቱ ነው የቱ ነው እያሉ ተከራከሩ። አንዱ በእርግጠኝነት ደህነኛውን ዓይኔን እያየ «ይሄማ ያስታውቃል» አለ፤ ሳቅ ሊገድለን። ዛሬ ውሃ ስቀዳም አላፈሰስኩም፣ ዓይኑ እንደማያይ እያወቅኩ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። እንዳትከፊብኝ።

ማታ ማታ ሳይሆን በጠራራ ብርሃን መስታወት ፊት እቆማለሁ። ዓይኑ የእኔ ነው። ዝም ያለው ቡናማ፣ የአባዬ ቡናማ፤ ቀዩ ክር እንኳን የድካሜን ያህል ነው የተሳበው። ዙሪያውን አመድ የመሰለ ቀለበት የለም። ከብሌኑ ሥር ሰናፍጭ የምታክለው ነጥብ የለችም። ፈልጌያታለሁ። ወደ መስኮቱ ዞሬ፣ ወደ አምፖሉ ዞሬ ፈልጌያታለሁ።

ደስ ሊለኝ ይገባል፣ ደስም ብሎኛል፤ ድነሻል ማለት ነውና። በመድኃኒትሽ እንዳትቀልጂ፣ በዚህ ደብዳቤ ምክንያት አንዲት ኪኒን ብትዘልዪ መጥቼ ነው የማንቅሽ። ግን እውነቱን ልንገርሽ። ያኔ በኅዳር ያ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ለአንቺ ፈራሁ፤ ለራሴ ደግሞ ቀናሁ። አንቺ ጋ መጣች፣ ለመምህሩ፣ ለነርሷ፣ ለማታውቀው በያጅ እንኳን መጣች። ለእኔም ትመጣለች ብዬ ነው መስኮትሽ አጠገብ የተቀመጥኩት። አንድ የእሷን ዓይን ይዤ ብኖር ምን ነበረበት? በሩን ቆልፌዋለሁ ወይ ብላ ብትጨነቅብኝስ?

ጋሼ ስለ ሥራው ሲያስረዱኝ ቀለሙ በየንብርብሩ ነው የሚሄደው ብለውኛል፤ አንዱ በአንዱ ላይ። እና ልጠይቅሽ፦ ከሥር ቀብተሽ ያለበስሽው ነገር አለ? አትዋሺኝ።

እህትሽ

*

ሚያዝያ ፩

እታለሜ፣

የለም። ከሥሩ ያለው ነጭ ብቻ ነው። ልዋሽሽ አስቤ ነበር፤ «አዎ፣ አለች፣ አልብሻታለሁ» ብዬ ጽፌ ቀደድኩት። ዕድሜሽን ሙሉ መስታወት ፊት ስትፈልጊያት እንድትኖሪ አልፈልግም።

መድኃኒቴን አልዘለልኩም፣ አልዘልም። ዛሬ ጠዋትም በልቼ ወስጃለሁ። አውደ ሥራው ውስጥ ጀርባዬን ለየትኛውም መሳቢያ ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ምንም አያየኝም። ይህን ስጽፍልሽ ደስታና ብቸኝነት አንድ ላይ ነው የሚሰማኝ፣ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

ያን ቀን ግማሽ ላይ ደርሼ ብሩሹን ማስቀመጤን ታስታውሻለሽ? እጅሽ ደከመ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ አዎ አልኩሽ። አልደከመኝም ነበር። አንገትሽን ቀና አድርገሽ ወደ መስኮቱ ስታዪ ምን እየፈለግሽ እንደሆነ አውቄ ነበር። ለአንቺ ብዬ ቦታ ተውኩላት። ለእኔም ብዬ። ከብሌኑ ሥር ያለችውን ያችን ትንሽ ቦታ ሳልቀባ ተቀመጥኩና ጠበቅኳት፤ እጄ እንደ ድንጋይ ረግቶ ነበር። አልመጣችም። ብርሃኑ ሊሄድ ሲል ቀና ብዬ አንቺን አየሁሽና ያየሁትን ቀባሁ።

እህትሽ